ከባዮጋዝ ስለሪ አሞኒያን መልሶ መያዝ፦ ከሆለታ መንገድ የተወሰደ አንድ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

«ከባዮጋዝ ማብላያ በሚወጣው ስለሪ ውስጥ ያለውን አሞኒያ ለይተን ማዳበሪያ ማድረግ እንችላለን ወይ?» የማዳበሪያ ዋጋ በናረ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣል። ስለሪ ማለት እበቱ ማብላያው ውስጥ ተብላልቶ ጋዝ ከሰጠ በኋላ የሚወጣው ጠቆር ያለ ፈሳሽ ነው። መልሱ አዎ ነው። በአንድ የወተት ላሞች እርባታ ላይ ሞክረነዋል፤ ማዳበሪያ የሚሆነውን ነጭ ጨው በእጃችን ይዘነዋል። ሥራው ያስተማረን ግን ስንጀምር ካሰብነው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የተሳካልንን ብቻ ሳይሆን ያበላሸነውንም እጽፋለሁ። ሌላ ሰው በዚያው ስህተት ገንዘብና ጊዜ እንዳይጨርስ ብዬ ነው። የሰዎቹን ስምና የቦታውን አድራሻ ትቻለሁ።

ቦታውና እርባታው

እርባታው ያለው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ቡራዩን አልፎ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው። ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። አፈሩ ቀይ ነው። በዚያ አካባቢ እንዳለው ብዙ ቀይ አፈር አሲዳማም ነው። ይህ የአፈር ነገር ኋላ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። 24 የተዳቀሉ ላሞች አሏቸው። በ2012 ዓ.ም. 60 ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ መሬት ውስጥ የተሠራ የባዮጋዝ ማብላያ አስገነቡ። በየቀኑ 300 ኪሎ ያህል እበት በ300 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ይገባል። የተረፈው እበት ኩበት ይሆናል። ጋዙ ለማብሰያና የወተት ዕቃ የሚታጠብበትን ውሃ ለማሞቅ ያገለግላል። ሁለት ዓመት ያለ ችግር ሠራ። ስለሪው የሚጠራቀመው ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ 600 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ገቡ። ኩሳቸው በቀን 60 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ እሱም ወደ ማብላያው መግባት ጀመረ። በበጋው ደግሞ ውሃ ጠፋ። በቦቴ የሚመጣው ውሃ ውድ ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከስለሪው ጉድጓድ ፈሳሹን እየቀዱ እበቱን በእሱ መበጥበጥ ጀመሩ። ሐሳቡ ብልህ ነበር። ውሃ በጠፋበት ሰፈር ማንም ሰው የሚያደርገው ነው።

ችግሩ

መጋቢት ላይ የጋዙ ነበልባል ደከመ። ሻይ ለማፍላት እንኳን ረጅም ጊዜ ይፈጅ ጀመር። ባለቤቱ «ምግቡ አንሶት ይሆናል» ብለው የዶሮውን ኩስ አስጨመሩ። ባሰበት። አንድ የሚያውቁት ሰው ደግሞ «ማብላያው አሲድ ሆኗል፣ አመድ ጨምሩበት» አላቸው። ሁለት ጆንያ አመድ ገባ። አሁንም ባሰበት።

በዚያው ሰሞን አንዲት አትክልት የሚያመርቱ ጎረቤት ስለሪ ወስደው የጥቅል ጎመን ችግኝ መደብ ላይ አፈሰሱ። በሦስተኛው ቀን የችግኙ ጫፍ ነደደ፤ በሳምንቱ ግማሹ ደረቀ። ጎረቤቲቱ ጀሪካናቸውን ይዘው መጡና «ምንድን ነው የሰጣችሁኝ?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። በዚያን ጊዜ የጉድጓዱ ሽታ ጠጋ ሲሉት ዓይን ያቃጥል ነበር።

እኔ የተጠራሁት ሚያዝያ ላይ ነው።

ምን አገኘን

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱን ደረጃ፣ መለካት ነበር። 8.0 ሆኖ ተገኘ። ማብላያው አሲድ ሆኖ ቢሆን ከ7 በታች በወረደ ነበር። ስለዚህ የአመዱ ምክር የተገላቢጦሽ ነበር። ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ ስንልክ በአንድ ሊትር ስለሪ ውስጥ 4.1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን እንዳለ ታወቀ። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ግራም ሲያልፍ ማብላያው አደጋ ውስጥ ነው። ቀስ ብሎ የለመደ ማብላያ ከዚያ በላይም ሊችል ይችላል፤ ይኼኛው ግን አልቻለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእበትና በኩስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው ከፕሮቲንና ከመሰል ነገሮች ጋር ተሳስሮ ነው የሚገባው። ባክቴሪያዎቹ ይህን ሲያፈርሱት ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ከካርቦኑ ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ናይትሮጅኑ ግን እዚያው ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። የዶሮ ኩስ ደግሞ ከላም እበት ይልቅ እጅግ ብዙ ናይትሮጅን አለው። ፈሳሹ ለመበጥበጫ ተመልሶ ሲገባ ናይትሮጅኑም አብሮ ተመለሰ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተደመረ ለወራት ቆየ።

አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል። አንደኛው አሞኒየም ነው። ይህ ውሃው ውስጥ ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ አይተንም። ሁለተኛው ነጻ አሞኒያ ነው። ይህ ጋዝ ነው፤ ይሸታል፣ ያመልጣል፣ ሚቴን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎችም የሚጎዳው እሱ ነው። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤችና ሙቀት ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7.5 ላይ ነጻው አሞኒያ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። 9.25 ላይ እኩል በእኩል ይሆናል። 10.5 ላይ ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ነጻ ይሆናል። አመዱ ፒኤቹን ወደ ላይ ሲገፋው መርዙን ነው ያበዛው።

የማብላያው መፍትሔ ቀላል ነበር። ኩሱን አቆምን። ፈሳሹን መልሶ መጠቀምም አቆምን። ክረምቱ ሲገባ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ አጠራቅመን በእሱ በጠበጥን። ነሐሴ ላይ ጋዙ ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

ባለቤቱ ግን በዚህ አልረኩም። «ይሄ የሚያቃጥለው ነገር ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ነው ካልከኝ፣ ለምን ዝም ብለን እንደፋዋለን?» አሉኝ። ያኔ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። «ጋሼ፣ እስቲ በአንድ በርሜል እንሞክረው» አልኳቸው።

የበርሜሉ ሙከራ

ሐሳቡ ሦስት ደረጃ አለው። የስለሪውን ፒኤች በኖራ ከፍ ታደርጋለህ፤ አሞኒየሙ ወደ ነጻ አሞኒያ ይለወጣል። ከዚያ ከታች አየር ትነፋበታለህ፤ አሞኒያው ከአየሩ ጋር ይወጣል። ያንን አየር በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ታሳልፈዋለህ። አሞኒያው ከአሲዱ ጋር ተያይዞ አሞኒየም ሰልፌት ይሆናል። ይህ 21 በመቶ ናይትሮጅንና 24 በመቶ ሰልፈር ያለው የታወቀ ማዳበሪያ ነው።

ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ባለ 200 ሊትር ፕላስቲክ በርሜል፣ ግማሽ ኪሎዋት የሚፈጅ የአየር መንፊያ፣ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦና ሁለት ጀሪካን ገዛን። አሲዱ መርካቶ የሚሸጠው የመኪና ባትሪ አሲድ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት ኖራው ላይ ነው፤ ሁለት ሳምንት አባከንንበት። ለአሲዳማ አፈር ማከሚያ የሚከፋፈለውን የግብርና ኖራ አመጣን። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው። አምስት ኪሎ ጨመርን፣ ፒኤቹ ንቅንቅ አላለም። አሥር ኪሎ ጨመርን፣ ያው ነው። የግብርና ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት። አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ አሲድን ያረክሳል እንጂ ስለሪን ወደ 10 አያወጣም። የሚያስፈልገው በእሳት ተቃጥሎ በውሃ የፈረሰው፣ ለግድግዳ ቅብ የሚሸጠው ኖራ ነው። እሱን ስናመጣ በሦስት ኪሎ 10.5 ደረስን። ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ ሻጩም ሁለቱንም «ኖራ» ነው የሚላቸው። ስለዚህ ለምን እንደምትፈልጉት ንገሩት።

ሁለተኛው አረፋ ነው። መንፊያው በተነሳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስለሪው ገንፍሎ በቱቦው አልፎ አሲዱ ውስጥ ገባ። አሲዱ ተበላሸ። ከዚያ በኋላ ስለሪውን በጆንያ ማጥለል ጀመርን። በርሜሉንም ከ120 ሊትር በላይ አንሞላም። አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግም አረፋውን ያስተኛዋል። በበርሜሉና በአሲዱ መካከል ባዶ ጀሪካን አስገባን። የሚገነፍል ነገር ቢመጣ እዚያ ይቀራል።

ሦስተኛው መብራት ነው። መንፊያውን መሬት ላይ አስቀምጠነው ነበር። መብራት ጥፍት ሲል ስለሪው በአየር ቱቦው ወደ ኋላ ፈሰሰና መንፊያው ውስጥ ገባ። ሞተሩ ተቃጠለ። አዲሱን ከፈሳሹ ደረጃ በላይ፣ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭም ገጠምንለት። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ከመጀመሪያው ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነበር።

አራተኛው ቅዝቃዜ ነው። በክረምቱ አንዱን ዙር ለመጨረስ ሙሉ ቀንና ሌሊት ፈጀ። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሞኒያ መውጣት አይፈልግም። በጋው ሲገባ በርሜሉን ጥቁር ቀባነው፣ ፀሐይ ላይ አዋልነው። የጠለለውን ስለሪም በራሱ በባዮጋዙ ወደ 45 ዲግሪ አሞቅነው። ያኔ ስምንት ሰዓት በቃው።

አንድ ነገር ግን ከጠበቅነው በላይ ተሳካ። ኖራ ከመጨመራችን በፊት ለሁለት ሰዓት አየር ብቻ ስንነፋ ፒኤቹ በራሱ ከ9 በላይ ወጣ። ምክንያቱ ስለሪው ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱ ሲወጣ ፈሳሹ አሲድነቱን ያጣል። አየሩ በአሲዱ በኩል ስለሚያልፍ አሞኒያው እዚያ ይያዛል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ወደ ውጭ ይወጣል። ከዚያ ኖራውን ጨምረን አየሩን ዝግ አደረግነው፤ ከአሲዱ የወጣው ተመልሶ ወደ መንፊያው ይገባል። በዚህ ዘዴ የኖራው ፍጆታ ከሦስት ኪሎ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ወረደ። በርሜሉ ግርጌ የሚጋገረው ጠጣር ኖራም ቀነሰ።

ስለ ጥንቃቄ አንድ አንቀጽ ልጨምር። አንድ ጠዋት ወጣቱ ሠራተኛ አየሩ ሳይወጣ ክዳኑን ከፈተውና አሞኒያው ፊቱ ላይ መጣ። ዓይኑን ረጅም ጊዜ በንጹህ ውሃ አጥበን፣ ሐኪም ዘንድ ወስደነው ዳነ። ከዚያ ወዲህ ያለ ዓይን መከላከያና ያለ ጓንት ማንም አይነካውም። አሲድ ሲቀጠን አሲዱ ውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ አሲድ ላይ አይጨመርም። ስለሪ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ይዟል፤ እሱ መርዝ ነው። አሲድ የማይይዘው ስለሆነም ሥራው የሚሠራው ደጅ ላይ ብቻ ነው። ክብሪትና ሲጋራ አይቀርቡም።

ሂሳቡ

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ሲሠራ፣ ያገኘነው ይህ ነው። ኩሱን በጥቂቱ መልሰን ስለጀመርን ስለሪው በሊትር 3 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ነበረው። 120 ሊትር ሲገባ 360 ግራም መሆኑ ነው። ከዚህ ሦስት አራተኛውን፣ 270 ግራም ያህል፣ ያዝን። ለአንድ ኪሎ ናይትሮጅን 3.5 ኪሎ ንጹህ ሰልፈሪክ አሲድ ያስፈልጋል። የባትሪ አሲድ ከሲሶው ጥቂት በለጥ የሚለው ብቻ አሲድ ስለሆነ ለአንድ ዙር ሁለት ሊትር ፈጀ። ሲደርቅ 1.2 ኪሎ ገደማ ጨው ወጣ።

270 ግራም ናይትሮጅን በዩሪያ ሲሰላ 600 ግራም አይሞላም፤ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ለባትሪ አሲዱ ብቻ ያወጣነው ገንዘብ የዚያን ያህል ዩሪያ ዋጋ በለጠ። ኖራው፣ የሰው ጉልበትና መብራቱ ገና አልተቆጠሩም። መንፊያው በስምንት ሰዓት አራት ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በኪሎ ናይትሮጅን 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። በደንብ የሚሠራ ትልቅ የአሞኒያ ፋብሪካ ግን ከጋዙም ከሁሉም ተደምሮ በኪሎ 10 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ፋብሪካውን በበርሜል አልረታነውም።

ባለቤቱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ደመሩት። አስተማሪ ናቸው። ከዚያ «ታዲያ የተነጠረው ፈሳሽስ?» አሉ። እኔ ያላየሁትን ያዩት እሳቸው ናቸው። ከበርሜሉ የሚወጣው ፈሳሽ አሞኒያው ከሲሶ በታች ወርዷል። ስለዚህ እበቱን ለመበጥበጥ ተመልሶ መግባት ይችላል። ፒኤቹ ገና ከፍ ያለ ስለሆነ ሌሊቱን ከትኩስ እበት ጋር ተበጥብጦ ያድራል፤ በቀን ከ100 ሊትር አናስበልጥም። በበጋ ከቦቴ ውሃ አንድ ሦስተኛውን ቀነሰ። ለዚህ እርባታ የበርሜሉ ጥቅም ጨው ሳይሆን ውሃ ሆነ። ይህን አስበን አልጀመርንም።

ጉድጓዱ

በርሜሉ ላይ ስንለፋ ዓይናችን ያልገባው ክፍቱ ጉድጓድ ነበር። 30 ሜትር ኩብ ይይዛል፣ በ50 ቀን ይሞላል። ከማብላያው 3 ግራም ሆኖ የሚወጣው ስለሪ፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ስንለካው በአማካይ 1.6 ሆኖ አገኘነው። በጋ ነው፣ ዝናብ አልገባበትም። የቀረው ወደ ሰማይ ሄዷል። ጎረቤቶች የሚያማርሩበት ሽታ እሱ ነበር።

ለውሃ ማቆሪያ የሚነጠፈውን የፕላስቲክ ሸራ (ጂኦመምብሬን) ገዝተን ጉድጓዱን ሸፈንነው። ከሥሩ የሚጠራቀመው ጋዝ የሚወጣበት ቱቦ ከሰውና ከእሳት ራቅ አድርገን ተከልን። በሚቀጥለው ዙር መለኪያው 2.7 አለ። በሜትር ኩብ 1.1 ኪሎ፣ በሙሉ ጉድጓዱ 33 ኪሎ ናይትሮጅን ተረፈ። ይህ ከ70 ኪሎ በላይ ዩሪያ ነው። በርሜሉ ይህን ያህል ለመያዝ 120 ቀን ያህል መሥራት ነበረበት። ሸራው ግን አሲድም መብራትም አይፈልግም።

ማሳው ላይም እንዲሁ አደረግን። ድሮ ስለሪው ላይ ላዩን ይደፋ ነበር። አሁን ቦይ ተከፍቶ፣ አመሻሽ ላይ ፈስሶ፣ ወዲያው አፈር ይመለስበታል። ጎረቤቲቱም ተመልሰው ይወስዳሉ። በሦስት እጅ ውሃ ያቀጥኑታል፣ ለችግኝ ሳይሆን ሥር ለያዘ ጎመን ነው፣ ቅጠሉንም አያስነኩም።

ጨውና ቀዩ አፈር

የሰበሰብነውን አሞኒየም ሰልፌት ድንች ላይ ልንጠቀም ስንል የአፈሩ ነገር መጣ። አሞኒየም ሰልፌት አፈርን ከዩሪያ የበለጠ አሲዳማ ያደርጋል። 100 ኪሎው የሚያመጣውን አሲድነት ለማርከስ 110 ኪሎ ያህል የግብርና ኖራ ያስፈልጋል። ኖራ በሚለመንበት አፈር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰልፈሩ ግን የሚፈለግ ነው። በዳፕ ማዳበሪያ ፈንታ የመጣው ኤንፒኤስ 7 በመቶ ሰልፈር የተጨመረበት በከንቱ አይደለም።

መውጫውን ያገኘነው በርሜሉ ግርጌ ነው። የሚጠራቀመው ነጭ ዝቃጭ ካልሲየም ካርቦኔትና ከስለሪው የወረደ ፎስፈረስ አለው። ለአሲዳማ አፈር የሚሆን ነው። ማሳው ሲታረስ እሱን እንበትናለን፣ ጨው የሚገባው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም። ኖራ ወይም አመድ አሞኒየም ሰልፌትን ከነካ፣ ያን ሁሉ ደክመን የያዝነው አሞኒያ እንደገና ይበራል። ስለሪ ወይም የዶሮ ኩስ ላይ አመድ የመበተን ልማድ ያላቸው ሰዎች ይህን ቢያውቁት እወዳለሁ። ሽታው ሲብስ ማዳበሪያው እየሄደ ነው።

ለሌላ እርባታ የሚሆነው

ጋዝ ሲቀንስ ምግብ ከመጨመር፣ አመድ ከመጨመርም በፊት ፒኤች ይለካ። ከ7 በታች ከሆነ አንድ በሽታ ነው፤ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ በሽታ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው መርዝ ነው። መለኪያው ውድ አይደለም።

የዶሮ ኩስ ወደ ላም እበት ማብላያ ሲገባ በጥቂቱ ይሁን። ፈሳሽ መልሶ መጠቀምና ኩስ መጨመር ደግሞ በአንድ ጊዜ አይሁኑ። እዚህ ቤት እያንዳንዱ ለብቻው ቢሆን ምናልባት ይቻል ነበር፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው ማብላያው የወደቀው።

ናይትሮጅን መያዝ የፈለገ ሰው ከክዳን ይጀምር፣ ቀጥሎ ቦይ፣ በርሜል በመጨረሻ። በርሜሉ ትርጉም የሚኖረው ስለሪው ከ3 ግራም በላይ ሲሆን፣ ውሃ ውድ ሲሆን፣ ወይም ማሳው ስለሪ በማይቀበልበት ጊዜ ነው። አሲዱ በባትሪ ዋጋ ሳይሆን በጅምላ ከተገኘም ሂሳቡ ይለወጣል። አዋሽ መልካሳ ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ አለ፤ አንድ እርባታ ብቻውን ጥቂት ጀሪካን ሊገዛ ቢሄድ ትራንስፖርቱ ይበላዋል፣ ብዙ ሆነው ቢሄዱ ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን በርሜሉ የሚሠራው ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ባለቤቱ ደግሞ ዓይናቸውን ወደ በረቱ አዙረዋል። ላም ከምታወጣው ናይትሮጅን ግማሹ ያህል በሽንት ነው የሚወጣው፤ እሱ እስከ ዛሬ መሬት ውስጥ ሲሰርግ ኖሯል። ወለሉ በሲሚንቶ እየተለሰነ ነው። ቦዩም ወደ ተሸፈነው ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው።